ከጉማራ አፍ ራቅልኝ

ልጄ፣

ከግድግዳው ማዶ ተኝተህ እያንኮራፋህ ደብዳቤ ስጽፍልህ እናትህ ብታየኝ ትስቅብኛለች። ምን ላድርግ፣ ፊት ለፊት ስናገር አንተ «እሺ አባባ፣ እሺ አባባ» ትለኛለህ፣ እኔም መሐል ላይ ድምፄ ይከዳኛል። ነገ ሌሊት 10 ሰዓት ወደ ባሕር ዳር ትነሣለህ። ይህን ከጃኬትህ የውስጥ ኪስ እከተዋለሁ፤ አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆም አንብበው።

ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ አጎበሩ እናትህ ተናግራ ጨርሳለች። ስለ ሥራህ እኔ ምን አውቃለሁ? ኤሌክትሪክ አንተን እንጂ እኔን አይሰማም። የያዘኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ከአክስትህ ልጅ ጋር በስልክ ስታወሩ ሰምቻለሁ። ላዳምጥ ብዬ አይደለም፤ የዚህ ቤት ግድግዳ ምሥጢር እንደማይይዝ ታውቃለህ። የዕቁቡ ብር፣ ስስ መረብ፣ ሐምሌ ላይ ጉማራ አፍ፣ በሁለት ወር እጥፍ። አንተ ብሩን፣ እሱ ጉልበቱን።

ተው ልጄ።

አትነግድ አላልኩህም። ኮልፌ አጣና ተራ ላይ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነግድ እንጂ አትነግድ ብዬ አልመክርም። የአክስትህንም ልጅ ጥላው አላልኩም፤ ያ ልጅ እጁ ሰፊ ነው፣ ሲያገኝ ለሁሉ ነው። ይልቅ እሱ የሚልህን ነገር እኔ ካንተ አስቀድሜ ስለማውቀው ነው።

ክረምት ሲገባ፣ ጉማራ ቀይ ሆኖ ሲሞላ፣ ነጭ ዓሣው ከጣና ወጥቶ የወንዙ አፍ ላይ ይከማቻል። ሪብም እንዲሁ፣ መገጭም፣ ግልገል ዓባይም። እዚያ ጥቂት ቀን ይቆይና ሽቅብ ይወጣል። የጠራ ውኃና ጠጠር ያለበትን ገባር እስኪያገኝ ድረስ ከደለሉ ጋር እየታገለ ይሄዳል። ዕንቁላሉን ጠጠር ውስጥ ቀብሮ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። የአክስትህ ልጅ «በዚያ ሰሞን ዓሣው ራሱ ይመጣል» ያለህ እውነቱን ነው። ልፋት የለውም። የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት ብቻ ነው፤ አንድም አያልፍም። ደግሞ ፍልሰታ እዚያው መሐል ይገባል፣ ገበያው ይሞቃል። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ልተወው። ባሕር ዳር የሚበላውን ግን አይቻለሁ።)

አያትህን አልደረስክበትም። ታንኳውን በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ነበር። ደንገሉን አጭዶ ያሰጣዋል፣ ሲደርቅ በጉልበቱ እየረገጠ ያስረዋል። ጥቂት ወር ካገለገለው ውኃ ይጠጣና ይከብዳል፣ ያኔ ሌላ ይጀምራል። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የሚሉት ኖርዌጂያዊ በደንገል መርከብ አትላንቲክን ልሻገር ብሎ ሲነሣ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው፤ ሠሪዎቹን ግን ከቻድ አመጣ። መርከቡ ባርቤዶስ ሳይደርስ ተፈታ። አያትህ ወሬው ሲደርሰው «ታዲያ ሠሪውንስ ከዚህ ቢወስድ ምን ነበረበት?» አለ፤ እስኪያረጅ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይል ነበር። በዓመቱ ሰውየው ቦሊቪያኖች ሠርተውለት እንደደረሰ የነገረው ሰው የለም። እኔም ሳውቅ አልነገርኩትም።

አጠማመዱን ብታየው! ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ይወጣል። ከቆርቆሮ ቆርጦ ያበጃት የምታብለጨልጭ ነገር መንጠቆው ላይ አለች። ክሩን ከኋላው ይለቅቀውና ሌላውን ጫፍ የእግሩ አውራ ጣት ላይ ይጠመጥመዋል። ከዚያ ዝም ብሎ ይቀዝፋል፤ መንጠቆው ከኋላ ይከተለዋል። ከነጭ ዓሣ ወገን ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ አሉ፤ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ግን የሚሮጥ ነገር ሲያዩ አያስችላቸውም። ሲነክስ ጣቱ ይሳባል። እኔ ታንኳው አፍንጫ ላይ ተቀምጬ ጣቱን ስጠብቅ ነው ያደግሁት። ሁለት ሦስት ከያዘ በቃው፣ ወደ ዳር። እግዜር ያንን ሰላሙን ላንተ ይስጥህ።

ሲያትል ያለው አጎትህ ዛሬ የሚያደርገው ይህንኑ መሆኑን ታውቅ ኖሯል? ካያክ በሚላት የፕላስቲክ ታንኳ ፑጀት ሳውንድ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይወጣል። ክሩን ከኋላው እየጎተተ ሳልመን ይፈልጋል። ጣቱ ላይ አያስርም፣ ዘንግ ሰክቷል፤ ሌላው ያው ነው። ሳልመንም እንደ ክረምቱ ነጭ ዓሣ ከባሕር ወጥቶ የተወለደበትን ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። ልዩነቱ የእነሱ ወልዶ እዚያው ይሞታል፣ የኛ ተመልሶ ለከርሞ ይደርሳል። አጎትህ ሲይዝ አስቀድሞ የሚያየው ጀርባው ላይ፣ ከጭራው ጠጋ ብላ ያለችውን ትንሽ ክንፍ ነው። ክንፏ ካለች ዓሣው የዱር ነው፣ ይለቅቀዋል። ከተቆረጠች በመፈልፈያ ያደገ ነው፣ ይወስደዋል። የወሰደውንም እዚያው ውኃው ላይ ሆኖ ካርድ ላይ ይጽፋል። «ባሕር መሐል ማን ያይሃል?» ብዬ ሳቅሁበት። «እኔ አያለሁ ወንድም ጋሼ» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆየሁ። መልሱ ለኔ ነበር።

እንግዲህ ልንገርህ። ለዚህ ሱቅ መነሻ የሆነኝ የበሬ ዋጋ ነው ስልህ ኖሬአለሁ። እናትህ ታውቃለች፣ አንድ ቀንም አላረመችኝም። ዕድሜዋን ያርዝመው።

በ1978 ግድም ሆላንድ ውስጥ ኡርክ ከምትባል የአጥማጆች መንደር የመጡ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ጋር ሆነው ባሕር ዳር ላይ ለአጥማጆች የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ማምጣት ጀመሩ። ሐሳባቸው ደግ ነበር፤ ድኻ እንዲበላ ነው። ናይለኑ ግን እያደር በየመንደሩ ተዳረሰ። እኔና አንድ ባልንጀራዬ ሁለት ክረምት ሙሉ ጉማራ አፍ ላይ መረብ ጣልን። ሌሊት እንጥላለን፣ ሲነጋጋ እናወጣለን። ታንኳው እስኪያዘቅጥ እንጭናለን። አጎትህ ያኔ ልጅ ነው፣ ዳር ላይ ሆኖ ይጠርግልናል። የእያንዳንዱ ሆድ ሲሰነጠቅ ዕንቁላሉ እንደ ማሽላ ይዘረገፋል። አሞሮች ጠግበው መብረር አቅቷቸው ነበር። አጎትህ እጁ ቢጫ ሆኖ «ይኼ ሁሉ ዓሣ ሊሆን ነበር?» አለኝ። ዝም በልና ጥረግ አልኩት።

አያትህ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ማታ እናቴ ከዚያው ዓሣ ወጥ ሠርታ አቀረበች። አየውና «ለኔ ሽሮ አድርጊልኝ» አላት። በዚያ ክረምት እስከ መጨረሻው ሽሮ በላ። እኔም ብሩን ቋጥሬ አዲስ አበባ ገባሁ፣ አጣና ገዛሁ፣ እናትህን አገባሁ፣ አንተ መጣህ። ለቀብሩ አልደረስኩም።

ወንድምህ አንድ ማታ ከስልኩ አነበበልኝ፤ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከጣና የሚያዘው ነጭ ዓሣ ከአራት ሦስት እጁ ቀንሷል ይላል ጥናቱ። ወንዝ አፍ ላይ የሚጠመደውን ዋና ምክንያት አድርጎታል። ወንድምህ ለወሬ ነው ያነበበው። እኔ ግን የሁለቱን ክረምት ሸክም መቁጠር ጀመርኩ፣ እንቅልፍም እንቢ አለኝ። ዓሣውን የሚያህል ነገር በኔ ታንኳ አላለቀም፣ ይህን አላጣሁትም። ግን የኔም ታንኳ ነበረች።

ሕጉን ለማለት ያህል፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣ የዓሣ ሀብት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 315። የአክስትህ ልጅ «ማን ይዞን» ሊልህ ይችላል። ልክ ሊሆንም ይችላል። እኔንም ማንም አልያዘኝም።

ውኃውን አትውረድ አላልኩም፣ ይህን እንዳታጣምምብኝ። የአያትህን ውኃ ካላየህማ ባሕር ዳር ሄድኩ አትበል። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ማለዳ ውጣ፣ ሳይረፍድ ተመለስ። ዋና እንደማትችል ለባለ ታንኳው ሳታፍር ንገረው። እምቦጭ ካየህ አትጠጋ። ሌላም ልነግርህ ያሰብኩት ነበር፣ ጠፋኝ። ሲርብህ ብላ፣ ብቻህን አትብላ።

የኪዳነ ምሕረት ጥላ አይለይህ። መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ። የሰው ፊት ይስጥህ፣ ከማታውቀው ቤት ወንድም አትጣ። ከልጅነትህ ጀምሮ ስትወጣ ስትገባ ሳልመርቅህ የቀረሁባቸውን ቀኖች ሁሉ ዛሬ ይቁጠርልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ አንተ አልሰማህም፣ ተኝተሃል። ሄጄ ብርድ ልብሱን አስተካክዬልህ መጣሁ። ትልቅ ሰው ሆነሃል፣ እግርህ ከአልጋው ተርፏል።

ቦርሳህ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታገኛለህ። የአያትህ መንጠቆ ነው። ዝጓል፣ በአሸዋ ፈግፍገው፣ ጣትህን ተጠንቀቅ።

መረቡን አስቀድማችሁ ገዝታችሁት ከሆነ ደግሞ አትጨነቅ። ዋጋውን ደውለህ ንገረኝ፣ በገዛችሁበት እገዛችኋለሁ። ለአጣና ማሰሪያ ይሆነኛል።

አባትህ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ ሰኔ