እስስት በቀለሟ፥ ሰው በሐሳቡ

ሰው ቃሉን ያጠፈ ወዳጁን ሊነቅፍ በፈለገ ጊዜ «እንደ እስስት ተለዋወጠ» ይላል። ይህ ነቀፌታ በአደባባይም በችሎትም ሲነገር የኖረ ነው፤ ሆኖም የእስስትን ስም የሚያነሣ ብዙ ሲሆን፥ መልኳን በቅርብ የተመለከተ ግን ጥቂት ነው። በየጓሮው በግራዋና በጌሾ ላይ ተቀምጣ ስትገኝ፥ ወይ መርዝ አላት ተብላ በዱላ ትመታለች፥ ወይ እንደ ክፉ ምልክት ተቈጥራ ትሸሻለች። መርዝ ግን የላትም፤ ክፋቷም ዝንብና ፌንጣ ከመብላት አያልፍም።

የጥንት ሰዎች እነዚህን በደረታቸው የሚሳቡ ታናናሽ ፍጥረቶች እንዲህ አልናቋቸውም ነበር። መጽሐፈ ምሳሌ፥ በአካል ታናሽ በጥበብ ግን ታላቅ ከሆኑት አራት ፍጥረቶች መካከል እንሽላሊትን ቈጥሯል። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስም፥ ዐይኗ በእርጅና ሲደክም በግንብ ስንጥቅ ገብታ ወደ ፀሐይ መውጫ በመመልከት ብርሃኗን የምታድስ እንሽላሊትን ይተርካል። ትርጓሜው ምሥጢራዊ ቢሆንም፥ ምሥጢሩን የጻፈው ሰው አስቀድሞ ዝቅ ብሎ ግንቡን ተመልክቷል።

በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህርም እንዲሁ ዝቅ ብለው ማየት ወደዱ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ስለ እንስሳት ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸውና፥ በጥቍር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሣሏትን እስስት በዐይናቸው አጥርተው ሳያዩ መቅረታቸው ያሳስባቸው ነበር። ልጃቸው ከውጭ አገር የፎቶግራፍ መሣሪያና ማክሮ የሚባለውን ሌንስ በላከላቸው ጊዜ፥ ሌላው ሰው ሠርግና ክርስትና በሚያነሣበት ዕቃ እርሳቸው ወደ ጓሮ ወጡበት።

በዓለም ላይ የታወቁት የእስስት ወገኖች ከ200 ይበልጣሉ፤ ከእነዚህም እኩሌታ የሚያህሉት የማዳጋስካር ደሴት ናቸው። ኢትዮጵያም የራሷ ድርሻ አላት። በደጋው አገር የምትገኘውን አንዲቱን ወገን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1845 ለሊቃውንት ያስታወቀ፥ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሐበሻን የጐበኘው የፍራንክፈርት ሰው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በባሌ ሐረና ጫካ የምትኖረው ደግሞ በዚያው በጫካው ስም ተሰይማ የታወቀችው በ1995 ነው።

ማክሮ ሌንስ ነገሩን በእውነተኛ መጠኑ፥ 1 ለ1 አድርጎ በመቀበያው ላይ የሚያሳርፍ ነው። ይህን ለማግኘት የሌንሱ አፍ ከእስስቷ አንድ ስንዝር ወደማይሞላ ርቀት መቅረብ አለበት። በዚያ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚታየው የነገሩ ጥልቀት አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዐይኗ ሲጠራ አፍንጫዋ ይደበዝዛል፥ አፍንጫዋ ሲጠራ ዐይኗ ይጠፋል። የብርሃን መግቢያውን ቀዳዳ ቢያጠቡት ጥራቱ ጥቂት ይጨምራል፤ እጅግ ቢያጠቡት ግን ብርሃኑ ራሱ በቀዳዳው ጠርዝ እየተበተነ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ብልሃተኞቹ ማጥሪያውን በጥቂት በጥቂቱ እያራመዱ 10 ወይም 20 ጊዜ ያነሡና፥ ኋላ በኮምፒውተር ከእያንዳንዱ የጠራውን ክፍል ወስደው አንድ ያደርጉታል። ይህ የሚሆነው ግን ፍጥረቲቱ ሳትነቃነቅ ስትቈይ ነው፤ እስስት ደግሞ ስትራመድ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው ቅጠል ወዲያና ወዲህ ትላለች።

መምህሩ በመጀመሪያ የተማሩት ትዕግሥትን ሆነ። እስስት ሙቀቷን ከፀሐይ እንጂ ከራሷ የማታገኝ ናትና፥ የሌሊቱ ብርድ አደንዝዟት አድሮ ማለዳ ከቅርንጫፏ ሳትርቅ ትገኛለች፤ ይህ ለአንሺው መልካም ሰዓት ነው። ወደ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይ ከራስ በላይ ቆማ ጥላውን ታከብደዋለችና፥ ባለቤታቸው ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ብርሃኑን ያለዝቡላቸው ነበር። በሌላ አገር ፍጥረቱን በማቀዝቀዣ አኑረው ካደነዘዙ በኋላ የሚያነሡ እንዳሉ በሰሙ ጊዜ፥ «ይህስ እንግዳን አስሮ ቤት ለእንግዳ ማለት ነው» ብለው ነቀፉት።

ነቀፌታቸውም ከርኅራኄ ብቻ የመነጨ አልነበረም። ብዙ ሰው እስስት ለመደበቅ ስትል ብቻ የምትለወጥ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሲበርዳት ሙቀት ለመሳብ ትጠቍራለች፥ ከባላጋራዋ ጋራ ስትፎካከር ትደምቃለች፥ ስትጨነቅ ትጨልማለች። በ2015 የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አንዲቱን የማዳጋስካር እስስት መርምረው፥ በቆዳዋ ውስጥ ጉዋኒን የሚባል ነገር ረቂቅ ቅንጣቶች በሥርዓት ተደርድረው እንደሚገኙ ገለጹ። ስትረጋጋ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ሰማያዊውን ብርሃን ይመልሳሉ፤ ይህም ከቆዳዋ ቢጫ ጋራ ተባብሮ አረንጓዴ ያስመስላታል። ስትቈጣ ግን ቅንጣቶቹ ተራርቀው መልኳ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ያዘነብላል። እንግዲህ በእጅ ተይዛ ለሥዕል የተቀመጠች እስስት ብትነሣ፥ የተነሣው ፍርሃቷ ነው።

ዋናው ጭንቅ የመጣው ግን ከጓሮው ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ፊት ነው። በሰፈሩ ያለ አንድ ትምህርት ቤት በግድግዳ የሚሰቀል ሥዕል ለምኗቸው ነበር፤ ልጆቹ ያገኟትን እስስት ሁሉ በድንጋይ ይወግሩ ስለ ነበር፥ ውበቷን አይተው ይተዋታል ተብሎ ታሰበ። የተመረጠው ሥዕል በማለዳ የተነሣ፥ ከዐይኗ እስከ ቅርፊቷ የጠራ ነበር፤ መልኳ ግን የደረቀ ቅጠል የመሰለ ጥቍር ቡናማ ነው። የልጅ ልጃቸው ሥዕሉን ሲያይ ቅር አለው።

«አባባ፥ ጥቂት አረንጓዴ ብንጨምርባት እኮ እንደ ዕንቍ ታበራለች፤ ይህን መልክ ማን ይወደዋል?» አላቸው።

እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ያን ለት ብርድ ነበረ፤ ጥቍረቷ የብርዱ ምስክር ነው። ምስክሩን ካባረርን በምን እንፈርዳለን?» አሉት።

ልጁ አልተረታም። «ብርሃኑን አስተካክለዋል፥ ዳርና ዳሩን ቈርጠዋል። ይህ ከተፈቀደ ያኛው ስለ ምን ይከለከላል?» አለ።

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። መሣሪያ ሰው እንደሚያይ አያይም፤ የጥላውን ስፍራ ከሚገባው በላይ ያጨልማል፥ የጧቱን ብርሃን ሰማያዊ ያስመስላል። ስለዚህ ግራጫ ወረቀት በዚያው ብርሃን አንሥቶ፥ ግራጫው ግራጫ እስኪሆን ድረስ ቀለሙን ማቅናት የመሣሪያውን ጕድለት መሙላት ነው። ዳሩን መቍረጥም፥ አንባቢ ጣቱን በመስመሩ ላይ እንደሚያኖር፥ የተመልካቹን ዐይን መምራት ነው። ያልነበረ ቀለም መጨመር ግን የፍጥረቲቱን ነገር መለወጥ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ እጅና በአንድ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ወደ ታየው ነገር ይመልሳል፥ ሁለተኛው ከታየው ነገር ያርቃል።

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሠዓሊው ጻድቁን በሁለት ዐይኑ ሙሉ ፊቱን፥ ክፉውን ግን በጐኑ በአንድ ዐይን ይሥለዋል። ይህን አይቶ ሠዓሊው ዋሸ የሚል የለም፤ ያ ሥዕል «እንዲህ አስተውሉ» ይላል እንጂ «እንዲህ አየሁ» አይልምና። ፎቶግራፍ ግን በባሕርዩ ምስክር ነው፤ በዚህ ሰዓት በዚህ ስፍራ ይህ ነበረ ይላል።

ምስክርነቱ ሲናድ ምን እንደሚቀር በለንደን ታይቷል። የዚያ ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር ያደርጋል። በ2017 ከተሸለሙት አንዱ በብራዚል አገር በሌሊት ወደ ምስጥ ኩይሳ የቀረበ ምስጥ በል እንስሳ የሚያሳይ ነበር። በ2018 ግን መርማሪዎች፥ እንስሳው በፓርኩ መግቢያ ለማሳያ ቆሞ የነበረው ቆዳው የተሞላ በድን ነው ብለው ስለ ፈረዱ ሽልማቱ ተነሣ፤ አንሺው ግን ክሱን አልተቀበለም። ሥዕሉ ከፍርዱ በፊትም በኋላም ያው ነው፤ አንዲት ነጥብ አልተለወጠችበትም። የጐደለው መታመኑ ብቻ ነው፤ እርሱ ሲጐድል ግን ሁሉ ጐደለ።

መምህሩ ለልጁ የሰጡት የመጨረሻ መልስ ከዚህ ሁሉ የቀረበ ነበር። «እነዚያ ልጆች በግድግዳው ላይ እንደ ዕንቍ የምታበራ ቢያዩ እርሷን ይወዳሉ። ነገ በጌሾው ላይ ጥቍሯን ሲያገኙ ግን፥ ይህችስ ሌላ ናት ብለው ይወግሯታል። ሥዕሏን አስውበን እርሷን ማስገደል ይሆንብናል» አሉት። ልጁም ይህን ከሰማ በኋላ ስለ አረንጓዴው ዳግመኛ አላነሣም። ይልቁንም በዚያው ቀን፥ ፀሐይ ካሞቀቻት በኋላ የተነሡትን ሥዕሎች አንድ በአንድ ሲፈልግ አመሸ።

በትምህርት ቤቱ የተሰቀሉትም ሁለት ሥዕሎች ሆኑ፤ አንዱ የማለዳዪቱ ጥቍር፥ ሁለተኛው ከረፋዱ በኋላ የተነሣችው አረንጓዴ። ከግርጌያቸውም «አንዲት እስስት፥ ከጧቱ 1 ሰዓትና ከቀኑ 5 ሰዓት» ተብሎ ተጻፈ። ድንጋይ መወርወሩ ፈጽሞ ቀረ ማለት አይቻልም። ነገር ግን አንዳንዱ ልጅ እስስት ባገኘ ጊዜ ቀለሟን ከሰዓቱ ጋራ ሊያስተያይ፥ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል፤ ጠያቂ እጅም ለጊዜው ድንጋዩን ይረሳል።

እስስት የተሰደበችው በመለዋወጧ ነው። በቅርብ ለተመለከታት ግን ቀለሟ የብርዱን፥ የሙቀቱንና የፍርሃቷን ልክ ሳይሸሽግ የሚናገር ሆኖ ይገኛል። ለመመስገን ሲል ቀለም የሚለውጥ ቢኖር ከሌንሱ በስተኋላ የቆመው ነው፤ ያም የጥንት ነቀፌታ እውነተኛ ባለቤቱን ቢፈልግ በጌሾው ቅርንጫፍ ላይ አያገኘውም።