ስም የሌለው ፎቶ

ወልቂጤ ያለው የልጅ ልጄ የወልቂጤ ከተማ ተጫዋቾችን ፎቶ ይሰበስባል። ያነሣሣው ክለቡ በ2012 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊግ መግባቱ ነው። «እማማ፣ ውድ የሚሆነው ሳይታወቁ የተነሡት ነው» ይለኛል። አልተሳሳተም። የአሜሪካው ቤዝቦል ተጫዋች ሚኪ ማንትል ገና ወጣት ሳለ፣ በፈረንጆቹ 1952 ከማስቲካ ጋር የወጣች ካርዱ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ማስቲካ ሻጩ ኩባንያ ግን የተረፉትን ካርዶች ባሕር ውስጥ ጥሏቸው ነበር!

እኛም ጥለናል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡት የእነሉቺያኖ ቫሳሎና የመንግሥቱ ወርቁ ፎቶ ዛሬ በማን ቤት ይገኛል?

ባለፈው ሳምንት ከቡታጅራ በጉብሬ በኩል ወልቂጤ ሄጄ፣ ከልጁ ጋር አንድ ፎቶ ቤት ገባን። ባለቤቱ ከቆርቆሮ ሣጥን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ዘረገፈልን። ባዶ እግራቸውን የተሰለፉ ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ከጀርባ ስምም ዓመተ ምሕረትም የለም። ዕድሜዬን በነርስነት የታካሚ ካርድ ስሞላ ኖሬ ስም የሌለው ካርድ አልወድም። ለልጁ እርሳስ ሰጠሁት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ያልፋል።

ተራ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «ይሄ ሦስተኛው፣» አሉ፣ «ታላቅ ወንድሜ ነው።»

ልጁ ፎቶውን ገልብጦ ስሙን ጠየቃቸው።