የአያቴ ወገብና የአባቴ ባሌስትራ

አባቴ ያገለገለ ፒክአፕ ገዝተው ሳሪስ አቦ ሲገቡ እልል አልን። የፊተኛው ባለቤት ግን ጭነት እንዲችልለት ብሎ በኋላው ባሌስትራ ላይ ሁለት ብረት አስደርቦበት ነበር። ባሌስትራ የመንገዱን ምት የሚያበርደው ሲለመጥ ነው፤ ብረቱ ሲበዛ ግን ጭነት ካልከበደው አይለመጥምና፣ መኪናው ባዶውን ሲሄድ እንደ ፍየል ይዘል ነበር። ወገባቸውን የሚያማቸው አያቴም ሐኪም ቤት ሲመላለሱ በየጕድጓዱ «አቦዬ ድረሱ!» ይሉ ነበር።

አሞርቲዛተሩ ቢለወጥም ንጥረቱን እንጂ ድርቀቱን አላጠፋም። መካኒኩ «የተደረበው ይውጣ፤ ግን እንደ በፊቱ ሲሚንቶ አይጫንበትም» አሉ። የትምህርት ቤት ክፍያዬ ከዚያው ጭነት ነበርና አባቴ ሦስት ቀን አሰቡ፤ በአራተኛው አስወጡት።

ዛሬ ገቢው አንሷል፤ አያቴ ግን ከጋቢናው ሲወርዱ ይመርቁናል። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ብዙ ለመሸከም የጠነከረ ሁሉ ለሰው አይመችም።