ለገሃር በጠረጴዛ ላይ

የባቡር አምሳያ የሚሠራ ሰው ሐዲዱን ገዝቶ ሊዘረጋ ይችላል፤ ከተማውን ግን አስተውሎና ለክቶ ካልሆነ አያገኘውም። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባ የባቡር ጣቢያ በ87 እጅ አሳንሼ በካርቶን ስሠራ ይህን ተረዳሁ። 1 ሜትር ስፋት የነበረው ሐዲድ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የ10 ሜትር ግድግዳም 12 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በዚህ ጥበት ሁሉን ማስገባት ስለማይቻል፣ የሚተወውን መምረጥ ግድ ነው። ከመስኮቶቹ አንዱ ቢቀነስ ተመልካች ላይታዘብ ይችላል፤ ከፊቱ የቆመው የአንበሳ ሐውልት ቢታጣ ግን ጣቢያው ለገሃር መሆኑ ይቀራል።

አሮጌው ባቡር ዛሬ ወደ ለገሃር አይገባም። ስለዚህ ይህ ሥራ የልጅ መጫወቻ ተብሎ ሊናቅ አይገባውም፤ ግንቡ ያረጀ እንደ ሆነ፣ የተለካበት ደብተር ልኩን፣ የካርቶኑ ቤት መልኩን ያቆያልና።