«ሀገር ስጪኝ!»

ልጅ ሲያስቸግር «መርፌ አስወጋሃለሁ!» ያላልን ስንቶቻችን ነን? እኔ ነርስ ሆኜ እንኳ ለገዛ ልጆቼ ብያለሁ። ዛሬ በጡረታ ዘመኔ የልጅ ልጅ ሳሳድግ ቃሉ ይከብደኛል።

በወጣትነቴ በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ እግሩን የፈላ ውኃ ያቃጠለው የስድስት ዓመት ልጅ መጣልን። ቁስሉ በየጊዜው መታጠብ ነበረበት። የምናውቀው ዘዴ አንድ ነው፤ ለሦስት ሆኖ ጨምድዶ መያዝ። እኔም «አያምህም» እያልኩ እዋሸዋለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ቀረ። በሳምንቱ እናቱ አዝላ ስታመጣው ቁስሉ አመርቅዟል፤ ሰውነቱ በትኩሳት ይነዳል። «ሲስተር፣ በራችሁን ሲያይ ይንቀጠቀጣል፤ አንጀቴ አልችል አለ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁን ያባረርኩት እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን የጽዳት ሠራተኛችን፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ መወልወያቸውን አስደግፈው ራስጌው ተቀመጡና «እንቆቅልህ?» አሉት። ዝም አለ። ደገሙለት። «ምን አውቅልሽ» አለ እየተንሰቀሰቀ። ቀጥሎ እሱ ጠየቀ፤ እሳቸው እንደማያውቁ ሆኑ። «ሀገር ስጪኝ!» አለ። ጎንደርን ሰጡት፤ አልበቃውም። ሐረርን ጨመሩለት። እሱ ከተማ ሲመርጥ እኔ ፋሻውን በውኃ እያራስኩ ቀስ ብዬ አላቀቅኩ። «አመመኝ!» ብሏል፤ ግን ማንም አልያዘውም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አዲስ እንቆቅልሽ ይዞ እያነከሰ ይመጣ ነበር። መድኃኒቱም ታክሎበት ቁስሉ ዳነ።

ማዘናጋት ማለት መዋሸት አይደለም። «ትንሽ ይቆነጥጥሃል፣ ቶሎ ያልቃል» ማለት ይበቃል። ሕፃን ሲከተብ ጡት ይጥባ፤ ከፍ ያለውን አስተኝቶ ከመጫን ጭን ላይ ቀና አድርጎ ማቀፍ ይሻላል። ለትንንሾቹ አሻንጉሊት ወይም ዘፈን፣ ለትልልቆቹ የሳሙና አረፋ መንፋት ወይም ጨዋታ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. የክትባት ሕመምን ለማቅለል ጡት ማጥባትን፣ ማቀፍንና ማዘናጋትን መክሯል። ሕመሙ ጨርሶ አይጠፋም፤ ፍርሃቱ ግን ይቀንሳል። ያልፈራ ልጅ ደግሞ ነገ ሲታመም ከሐኪም አይሸሽም።

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ደም ሲሰጥ «ያማል፣ እማማ?» አለኝ። «አዎ፣ ትንሽ» አልኩት። ከዚያ እንቆቅልሽ ጀመርን። መርፌው ሲገባ ፊቱን ቋጠር አድርጎ አዳማንና ባሕር ዳርን ወሰደብኝ። ያለቀሰው ስንወጣ ነው፤ ጅማን ስለከለከልኩት።