«ትፍረስ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ዓመት አልሞላውም። ከአባቴ አገር ከምዕራብ ወለጋ ወጥተን አዲስ አበባ፣ ናይሮቢና ሚኒሶታ የተበተንን ሰዎች ባለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ጽሑፍ ለጠፍኩ። ለመንደራችን ቤተክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ መጠየቂያ ነበር። «እናንተ ሴራሚክ ላይ ቆማችሁ ስትዘምሩ፣ እናቶቻችን ምስጥ የበላው ጭቃ ቤት ውስጥ ይጸልያሉ። ይህች ጎጆ ትፍረስና ክብራችንን የሚመጥን የብሎኬት ሕንፃ በቦታዋ ይቁም» አልኩ። ሙያዬ መጻፍ ነው፤ የሰው ሆድ በምን እንደሚባባ አላጣውም። ገንዘቡ ከጠበቅነው በላይ መጣ።

ዛሬ የምጽፈው ያንን ጽሑፍ ለመሻር ነው። ገንዘብ አልበላሁም፣ ማንንም አልዋሸሁም። ግን ተሳስቻለሁ። ስህተቱ ደግሞ የእኔ ብቻ ስለማይመስለኝ እዚህ በአደባባይ ልናገረው መረጥኩ። የመንደሩን ስም አልጠራም፤ ነገሩ ገና አልበረደም።

የምኖረው ቤቴል ነው። ማታ ማታ ከጦር ኃይሎች ስመለስ የታክሲ ረዳቱ «ቤቴል! ቤቴል!» እያለ ይጣራል። ቃሉ በዕብራይስጥ «የእግዚአብሔር ቤት» ማለት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚለው ያዕቆብ ቦታውን ቤቴል ብሎ ሲሰይመው እዚያ ግድግዳም ጣሪያም አልነበረም። የነበረው ሌሊቱን የተንተራሰው ድንጋይ ብቻ ነው። ለወለጋ ልጅ ደግሞ ስሙ ሌላም ትዝታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1919 ደምቢ ዶሎ ላይ ከተጀመረው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሥራ የበቀለችው ቤተክርስቲያን የምትጠራው በዚሁ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች።

ለዓመታት ወደ አባቴ ቀዬ አልሄድኩም ነበር። የጸጥታውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መንገዱ ጋብ ሲል በአምቦ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢ አድርጌ ሄድኩ። የሄድኩት ፎቶ ላነሳ ነው። «ከመፍረሷ በፊት» እና «ከተሠራች በኋላ» የሚባል ነገር አለ አይደል? ገንዘብ የሰጠ ሰው ያንን ማየት ይወዳል።

ቤተክርስቲያኗ ከልጅነት ትዝታዬ አንሳ ጠበቀችኝ። ቆርቆሮዋ ዝጓል። በስተምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ አብጧል። የበሩን መቃን በጣቴ ስነካው እንደ ቆሎ ዱቄት ፈረሰ። በምዕራብ ወለጋ ምስጥ የቤት ጠላት ነው። ነጆም ሂዱ መንዲ፣ ገበሬው ስለ ምስጥ ሳያነሳ ስለ ቤት አያወራም። ስልኬን አውጥቼ የከፋ የከፋውን ቦታ እየመረጥኩ ማንሳት ጀመርኩ።

አክስቴ ከኋላዬ መጡ። ጥቂት አይተውኝ «ደግ ደጉንም አንሳ እንጂ» አሉ።

ከዚያ ግድግዳውን እየዳሰሱ አዞሩኝ። ይህን ክፍል የምትመርገው የእገሌ እናት ነበረች፤ ስትሞት ምራቷ ተረከበች። ያኛውን የመዘምራኑ ሴቶች። መሠዊያው ያለበትን አያቴ፣ ከእሳቸው በኋላ አክስቴ ራሳቸው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ደቦ ይጠራል። ወንዶቹ አፈር ይቆፍራሉ፣ ውሃ ያመላልሳሉ፤ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይከርማል። ሴቶቹ ይመርጉታል፣ በእበት ይለስኑታል። አፈሩን ከየት እንደሚያመጡት ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። ከምስጥ ኩይሳ ነው። እንጨቱን የሚበላው ምስጥ የሚቆልለው አፈር ለምርጊት ተመራጭ ነው። ለእኔ ያረጀ ግድግዳ የመሰለኝ ነገር ለእሳቸው በየዓመቱ አዲስ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በዚያ አካባቢ የወንጌላውያን ታሪክ የሚጀምረው ከቦጂ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ከኤርትራ የተነሡት ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ቦጂ ደርሰው ማስተማር ጀመሩ። በ1897 ዓ.ም. እዚያው በእሳት ቃጠሎ ሞቱ። ከሳቸው ቀጥሎ ኦነሲሞስ ነሲብ መጣ። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተፈንግሎ ለባርነት የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ በስዊድን ሚሲዮን የተማረ ሰው ነው። እንደሱው ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። በ1896 ዓ.ም. ወለጋ ገብቶ በቦጂ በኋላም በነጆ አስተማረ፤ በ1923 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ አረፈ። ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት፣ የወለጋ ማኅበረ ምዕመናን ከጀርባቸው የግማሽ ምዕት ዓመት ታሪክ ነበራቸው።

ይህ ሁሉ የሆነው በምን ዓይነት ቤት ውስጥ ይመስላችኋል? አብዛኛው በእንጨት፣ በጭቃና በሳር። ለዚህ ነው የፕሮቴስታንት ታሪካችን መጽሐፍ ውስጥ ሞልቶ መሬት ላይ የማይገኘው። ላሊበላ አለት ነው፤ ጎንደር ድንጋይና ኖራ ነው። የእኛ አባቶች ቤት ግን አንድ ክረምት ሳይመረግ ከቀረ ይፈርሳል፤ ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ እኛው እናፈርሰዋለን።

የእኛይቱን ቤተክርስቲያን ደርግም ሳያፈርሳት ቀርቷል። የቤተክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። በዚያን ጊዜ በወለጋ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። የእኛም ታሸገች፤ ኋላ የእህል መጋዘን ሆነች። አክስቴ እንደነገሩኝ በእነዚያ ዓመታትም ምርጊቱ አልተቋረጠም። ለመጸለይ መግባት ክልክል ነበር፤ የመጋዘን ግድግዳ መምረግ ግን ማን ይከለክላል? ሴቶቹ ከውጭ በኩል እየመረጉ በልባቸው ይጸልዩ ነበር። «ሊቀመንበሩ ጎበዞች ብሎ አመሰገነን» ብለው አሁንም ይስቃሉ።

ይህንን ስሰማ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ያፈርኩት በሌላም ምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ካዘኑትና ከጻፉት አንዱ ነበርኩ። «ትዝታችን በግሬደር ታረሰ» እያልኩ ነበር። የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን እየጠቀስኩ ተከራክሬያለሁ። አዋጁ ቅርስን የሰው ፈጠራና ድካም ውጤት ይለዋል እንጂ የግድ ድንጋይ ይሁን፣ የግድ ከተማ ውስጥ ይቁም አይልም። ለፒያሳ ያነበብኩትን አዋጅ ለአያቴ ግድግዳ ሳላነበው ቀረሁ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የሌላ ሰው አሮጌ ቤት ታሪክ ነው፤ የራስ አሮጌ ቤት ግን ድህነት ነው። ልናፈርሰው የምንቸኩለው ስለሚያሳፍረን ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነገሩን ለሽማግሌዎቹ አነሣሁ። አድገንልህ ብለው የሚቀበሉኝ መስሎኝ ነበር። አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ተነሥታ እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድሜ፣ ጭቃ የሚያምርህ ብሎኬት ቤት ስለምትኖር ነው። እጃችን ተላልጧል። አንተ ፎቶ ታነሳለህ፣ ውሃ የምንሸከመው እኛ ነን።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ቅርስ ይጠበቅ የሚል ከተሜ ሁሉ ይህችን ሴት ሳይሰማ ባይጽፍ ይሻላል።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ በሌላ በኩል መጡ። «ቤተክርስቲያን ሕዝቡ ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም» አሉ። ልክ ናቸው፤ ታሪክም ይመሰክርላቸዋል። ወላይታ ላይ ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ የተጠመቁት ምዕመናን ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሆነው ተገኙ። ያንን ያደረገ ሕንፃ አይደለም። ነገር ግን ሕዝቡ ሕዝብ ሆኖ የቆየው በምንድነው? በየዓመቱ ተጠራርቶ አንድ ነገር አብሮ በመጠገን ጭምር ነው። ብሎኬቱ ሲቆም ደቦው አብሮ ይቀራል።

ያን ቀን ከሰዓት የሆነውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከመሠዊያው ሳጥን ውስጥ ሽፋን የሌለው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ አወጡልኝ። የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው፤ የኦነሲሞስ ትርጉም መጀመሪያውኑ የታተመው በዚሁ ፊደል ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ከበቡኝ። ኦሮምኛው አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ነው፤ የተማሩት ግን በቁቤ ስለሆነ ፊደሉን አያነቡትም። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ያደግሁ ነኝ፤ ፊደሉን አነበንባለሁ፣ ኦሮምኛዬ ግን ስንኩል ነው። እኔ ሳነብ እነሱ ትርጉሙን ይነግሩኛል፤ አነጋገሬ ሲያስቃቸውም ያርሙኛል። አንድ ምዕራፍ እንዲህ ጨረስን። መጽሐፉ አርጅቷል፣ አዲስ እትም አለና ይቃጠል ያለ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ አንድ የአካባቢውን አናጺ ይዤ ቤቱን ዞርን። ነገሩ ከፈራሁት ቀላል ሆኖ ተገኘ። የተበላው የቋሚዎቹ እግር ነው እንጂ ላይኛው እንጨት ደህና ነው። እግሩን እየቆረጡ በድንጋይ መሠረት ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ ምስጥ ከመሬት ወደ እንጨት የሚሻገርበት መንገድ ይቆረጣል፣ ቢሻገርም ቶሎ ይታያል። ግድግዳውን ያሳበጠው ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ነው። የቆርቆሮውን ክንፍ ማስረዘምና ዙሪያውን ቦይ መቅደድ ይበቃዋል። ከጥቂት ዓመት በፊት «እንዲጠነክር» ተብሎ በሲሚንቶ የተለሰነው ጎን ደግሞ ከሁሉ የባሰ ተጎድቷል። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋደድም፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ውስጡን ያበሰብሰዋል፣ ኋላ በገበታው ይወድቃል። ከቀና ልብ የመጣ ጥገና ነው የጎዳት።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ያሉት ይህን ነው። አሮጌዋ አትፈርስም፣ እግሯና ጣሪያዋ ይጠገናል። ለዚህ ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ይበቃል። በቀሪው በዚያው ግቢ ጎን ለጎን ትልቁ አዳራሽ ይሠራል፤ መጀመሪያ ግን ውሃ ወደ ግቢው ይገባል። የውሃውን ነገር ያስጨመረችው ያቺው ሴት ናት። ሌላም ነገር አስጨምራለች፦ የግሩፑ አባላት፣ ወንዶቹም ጭምር፣ በየዓመቱ ተራ ገብተው ይመርጋሉ።

ግሩፑ ላይ ይህንን ስጽፍ የተቆጡ አሉ። «ለጭቃ አይደለም የሰጠነው» ብሎ ገንዘቡን የጠየቀ አለ፤ እንዲመለስለት አድርገናል። መብቱ ነው፣ በእኔ ጽሑፍ ተማምኖ ነው የሰጠው።

ይህንን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ ከአንድ ገጠር የወጣችሁ ናችሁ። እምነታችሁ ምንም ይሁን፣ እዚያ አንድ የጸሎት ቤት፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ለማደሻው የምትጠየቁበት ቀንም ይመጣል። ስጡ። ግን ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ እስከዛሬ ሲጠግኑት የኖሩት እነማን ናቸው? እነሱስ ምን አሉ?

ክረምቱ ሲወጣ የእኔ ተራ ነው። አክስቴ መሠዊያው ያለበትን ግድግዳ አሳይተውኛል። ጭቃ ማቡካት አልችልም፤ «ትማራለህ» ብለውኛል።