ማታ ምድጃ ዳር የሚባለው

ልጅ ጓደኛውን መናቅን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት አይወጣም። አካሉ የተጎዳ ልጅ ባየ ጊዜ መጀመሪያ ትክ ብሎ ያያል፤ ቀጥሎም ዞሮ የእናቱን ፊት ይመለከታል። እናቲቱ እጁን ሳብ አድርጋ መንገድ ከቀየረች፣ አንድ ቃል ሳትናገር ትምህርቱን ጨርሳለች። ማታ ምድጃ ዳር «እርግማን ነው» ሲባል የሰማ ልጅም ጧት ያንኑ ቃል ከደብተሩ ጋር ይዞት ይመጣል።

በእስቴ ሳስተምር አንድ አባት መጥተው፣ ልጃቸውን እግሩ ከሰለለ ተማሪ አጠገብ እንዳነሣላቸው ለመኑኝ። «እንዳይጋባበት ነው መምህር፤ የቤታቸውንም ነገር እናውቃለን» አሉ። እኒህ ሰው በየበዓሉ የዐይነ ሥውሩን የቅኔ መምህር ጉልበት ስመው የሚመለሱ ናቸው። ይኸን ባስታውሳቸው «እሳቸውማ የኔታ ናቸው!» አሉኝ። ልጁን ከቦታው አላነሣሁትም።

ልጆቼ ሆይ፣ ነገሩን ልብ በሉት። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቅኔው በቃል ስለሚጠና ዐይነ ሥውራን ሊቃውንት ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ በትራቸውን ይዞ የሚመራ ተማሪም እንደ ክብር ይቈጥረዋል። ታዲያ የኔታም አንድ ጊዜ ልጅ ነበሩ። ያን ጊዜ አብሯቸው የሚቀመጥ ባይገኝ ኖሮ ዛሬ የማን ጉልበት ይሳም ነበር?

የዚያን ተማሪ እግር ያሰለለው የልጅነት ልምሻ፣ ማለት ፖሊዮ ነው። ተሕዋሱ በተበከለ ውሃና ባልታጠበ እጅ ወደ አፍ ይገባል፤ ከተያዙት 200 ሕፃናት አንዱን ያህል ሽባ ያደርጋል። ከዓመታት በፊት የሰለለ እግር ግን አንድ ወንበር ላይ በመቀመጥ አይጋባም። ለልምሻው በአፍ የሚንጠባጠብ ክትባት አለው፤ ለወሬው ግን ከእናትና ከአባት በቀር ከታቢ የለውም።

ከስማዳ ወዲያ ማዶ፣ በአማራ ሳይንት፣ የትነበርሽ ንጉሤ የምትባል ልጅ በ5 ዓመቷ ዐይኗ ጠፋ። ሴት ልጅ ገና በሕፃንነቷ በምትዳርበት አገር፣ ዐይነ ሥውርነቷ ከጋብቻ አድኖ ለትምህርት እንዳበቃት ራሷ ተናግራለች። እናቷና አያቷ ሸሽገው አላስቀሯትም፤ ሻሸመኔ ከዐይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ገባች፤ በኋላም ሕግ ተማረች፤ በ2010 ዓ.ም. ከስዊድን «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበለች። እኔን ከሽልማቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ሌላ ነው፤ ይኸውም አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዐይናሞች ጋር ስትማር የተማሪዎችን ክበቦች መምራቷ ነው። የእነዚያ ተማሪዎች ወላጆች ማታ ማታ ምን ይሏቸው እንደ ነበር ብሰማ ደስ ባለኝ።